የጋራ ክፍሉ ዝምታ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለተከበርከው ወንድምጋሼ፣

በሰው አገር ያለኸውን ፈጣሪ በጤና ያቆይህ፤ የያዝከውን ሁሉ ያቅናልህ፤ የክፉ ሰው ዓይን አይይህ። እኛ ደህና ነን። አክስቴም፣ እናትህ ማለቴ ነው፣ ደህና ናት። ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነው። አባትህ ካረፉ ወዲህ እኔ ጋ መሆኗን ለምዳዋለች፤ ሦስተኛ ፎቅ መውጣቱን ግን ገና አልለመደችውም።

ዛሬ የምጽፍልህ ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ጉዳይም አለብኝ። ማኅተም ያረፈበት ሌላ ደብዳቤ በኢሜይል ደርሶህ ይሆናል። ያኛው ከኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ይህኛው ከአጎትህ ልጅ ከጥያቄ። ልጅ ሳለሁ ያወጣህልኝን ስም ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልተወውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ትምህርቱ ሁሉ ዓለም አቀፍ እይታ ይኑረው ብሎ ወስኗል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ያልፈረመ፣ የጋራ ኮርስም ያልጀመረ ትምህርት ክፍል ከሌላ ጋር ይታጠፋል። የእኛ ዕጣ ቋንቋ ክፍል ውስጥ መግባት ነው። ዲኑ ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው። "እናንተ የመግባባት ባለሙያዎች አይደላችሁ? እስቲ ተግባብታችሁ አጋር አምጡ" አለኝ። ሳቁን አልወደድኩለትም፤ የነገረኝ ግን እውነቱን ነው።

ሐሳቡንም ቢሆን አልጠላሁትም። እንዴት እንደምናስተምር ታውቃለህ፤ አንተም የተማርክበት ነው። መምህር ፎቶ ኮፒ የምንለው ሰው አሁንም አለ። ያው ማስታወሻ፣ ያው ምሳሌ። ገጹ ከመባዛቱ ብዛት ቀስቱ ጠፍቶ በ"መልእክት ላኪ" እና በ"መልእክት ተቀባይ" መካከል ነጭ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ ተማሪዎቹ ነጩን ቦታ ሳይቀር ይገለብጡታል። እነዚህ ልጆች ሌላ አገር ያለ እኩያቸው ስለ ዜና፣ ስለ ማስታወቂያ፣ ስለ ወሬ እንዴት እንደሚያስብ ቢሰሙ ምን አለበት እላለሁ። የእኛንም ቢሰሙልን።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ የጋራ ኮርስ ነው። የእናንተ ተማሪዎች እዚያ፣ የእኛዎቹ እዚህ ሆነው በስክሪን እየተያዩ አብረው እንዲማሩ። እንቢ ብትል አልቀየምህም፤ ቶሎ ንገረኝ ብቻ።

አክስቴ ሰላም ብላሃለች። ስለ እሷ አታስብ።

እህትህ

---

ጥቅምት 9

ለውድ እህቴ ለጥያቄ፣

የደብዳቤሽን የምርቃት ክፍል ደግሜ አነበብኩት። እዚህ ለእኔ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሰላም ይልና ሁለተኛው መስመር ላይ ሥራ ያሸክመኛል። አንቺንም ፈጣሪ ይባርክሽ፤ ደጅሽን ይጠብቅልሽ፤ የልብሽን ይሙላልሽ። ምርቃት ከጻፍኩ ቆይቻለሁና የጎደለውን አንቺው ሙዪው።

ለጥያቄሽ መልሴ እሺ ነው። ለውለታ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ለእኔም ይበጀኛል። የእኛም ዲን በየስብሰባው "ዓለም አቀፍ ግንኙነታችሁ የታለ?" እያለች ታፋጥጠናለች። የማዕረግ እድገቴም የሚታየው በዚህ ዓመት ነው። በባህሎች መካከል ስላለ መግባባት የምታስተምር ወጣት ባልደረባ አለችኝ፤ ፈጣን ናት፣ ሥራ አይከብዳትም። ኮርሱን እሷ ትመራዋለች፤ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ሰነዱንም ፈርሜ ልኬያለሁ።

አሁን ደግሞ የእኔ ልመና። እማዬ ስልክ አታነሳልኝም። ብታነሳም "ደህና ነኝ፤ እናንተስ ደህና ናችሁ? በሉ ደህና ሁኑ" ትልና ትዘጋዋለች። በቀደም ጉንፋን ይዞኝ "አሞኛል" ስላት "ተመስገን" አለችኝ። ስልኩን ይዤ ከሊፍቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቢሮዬ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። እንደሚመስለኝ ለአባዬ ቀብር ባለመምጣቴ ቂም ይዛብኛለች። የመኖሪያ ፈቃዴ እየታደሰ ስለነበር ከወጣሁ መመለስ እንደማልችል ያኔ ነግሬያት ነበር። ሰው ግን የሰማውን ሁሉ አይቀበልም። አንቺ አብረሻት ነሽና ልቧን ጠይቂልኝ።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 20

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ጤናህ ይብዛ፤ እጅህ አይንጠፍ። ሰነዱ ሲደርስ ዲኑ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ማኅተሙን አየው፤ ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ስሜን ከነማዕረጌ ይጠራኛል።

የመጀመሪያዎቹ የጋራ ክፍለ ጊዜዎች ተካሂደዋል። ልጆቹ ለመጀመሪያው ቀን ሸሚዝ ተኩሰው፣ ፀጉር ተሠርተው ነው የመጡት። ካሜራው ከሩቅ ስለሚያነሳ እናንተ ዘንድ የታየው የጉርድ ፎቶ የሚያህል ጭንቅላት ብቻ ቢሆንም፣ እነሱ ግን ጫማቸውን ሳይቀር ቀብተዋል። አዳራሹ መጋረጃ ስለሌለው ፀሐይ ስክሪኑን እያነጣው ተቸገርን። ቴክኒሻኑ ካርቶን በመስኮቱ ላይ ለጥፎ አጨለመልን። ማይክሮፎኑ አንድ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

የእናንተ ልጆች ንግግር ይወዳሉ። ባልደረባህ ጥያቄውን ሳትጨርስ መልስ ይጀምራሉ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው አለ። የእኛዎቹ ብዙም አልተናገሩም። "ሬዲዮ" የሚሏት ተማሪ አለችኝ፤ ማጥፊያ የላትም ለማለት ነው። እሷም እንኳ እንዳሰብኳት አልሆነችም። ኔትወርኩም ትንሽ አስቸግሮን ነበር። እንደሚስተካከል ተስፋ አለኝ። ባልደረባህ ለተሳትፎ በሰጠችው ነጥብ ልጆቹ ቅር ብሏቸዋል፤ ለእሷ እንዳትነግርብኝ።

አክስቴ ደህና ናት። ሰላም ብላሃለች።

እህትህ

---

ኅዳር 27

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቤቱ፣ ሥራው፣ ሁሉም ደህና ይሁንልሽ።

የምሥራች አለኝ። ባልደረባዬ ስለ ክፍሉ ስታወራ ሰምቼ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእናንተ ተማሪዎች ዝምታ ራሱ ጥናት ይወጣዋል። ሥልጣንን ማክበር፣ በታላቅ ፊት አለመናገር፣ ከመናገር በፊት የሰውን ፊት ማየት፤ ያደግንበት አይደል? "አክብሮትና ዝምታ፦ የሁለት ክፍሎች ንጽጽር" ብለን አጭር ማጠቃለያውን ለአንድ ጉባኤ ልከነዋል። የእሷ ስም፣ የእኔ ስም፣ ሦስተኛ ደግሞ ያንቺ ስም አለበት። ለአንቺም ለክፍልሽም ይጠቅማል።

ከዚህ ጋር መጠይቅ አያይዣለሁ። ተማሪዎቹ እንዲሞሉት አድርጊና ስካን አድርገሽ ላኪልኝ። ቀላል ነው። "በቤተሰብዎ መምህር ፊት መናገር እንደ ነውር ይቆጠራል?" እና የመሳሰሉት ናቸው።

ስለ እማዬ ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። "ሰላም ብላሃለች" የምትዪው ከአንገት በላይ ይመስላል። ትላንትም ደወልኩ፤ ያው አንድ ጥያቄ፣ ያው "በሉ ደህና ሁኑ"። ብቻዬን ሆኜ ሳለ "እናንተ" የምትለኝ ከማን ጋር ደምራኝ ነው?

ወንድምሽ

---

ጥር 15

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ፈጣሪ እድሜና ጤና ይስጥህ። መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ሥራው አይደለም።

መጠይቁን አድዬ ነበር። ልጆቹ ሞልተው ይመልሱታል ስል በማግስቱ ሬዲዮ ሁሉንም ሰብስባ ቢሮዬ መጣች፤ ባዶውን። በሩ ላይ ቆማ "መግባት ይቻላል?" አለች። ልጅቷ ፈቃድ ስትጠይቅ ያን ቀን ገና ሰማኋት።

"ምነው አልሞላችሁትም?" አልኳት።

"እኛ ተማሪዎች ነን ወይስ የሚጠኑት ነን?"

"ሁለቱንም መሆን ይቻላል" አልኳት፤ መልሱን ራሴም አልወደድኩትም።

ስልኳን አወጣች። የጉባኤው ድረ ገጽ ላይ ማጠቃለያውን አግኝታዋለች። አነበበችልኝ። "ተማሪዎቹ በመምህር ፊት ሐሳብ መግለጽን ከድፍረት ስለሚቆጥሩ…" ይላል። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "በመጀመሪያው ቀን ስለ ወሬ ሲጠየቅ መልስ ሰጥቻለሁ" አለችኝ። "ድጋሚም ሰጥቻለሁ። ሲቀጥል በእጄም ምልክት አሳይቻለሁ። ማይኩ ነው ያልወሰደው። ስለ ዝምታችን ከመጻፋቸው በፊት ማይኩን አይጠይቁትም?"

እውነቷን ነው። ያኔ ከኋላ ቆሜ አይቻለሁ። የእኛ ድምፅ እናንተ ዘንድ ወይ ተቆራርጦ ወይ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አንዱ ልጅ ማይክ ተቀብሎ እስኪነሳ ድረስ ውይይቱ ሌላ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ሁለት ሦስቴ ሞክረው ተዉት። "ኔትወርክ ትንሽ አስቸገረን" ብዬ የጻፍኩልህ ይህንን ነው። ችግራችንን ካወቃችሁ አጋርነቱ ይቀራል ብዬ ፈርቼ አሳነስኩት። ከዚያም አንድ ወር ሙሉ ምን ልጻፍልህ እያልኩ ቆየሁ። መምህር ፎቶ ኮፒን ባማክረው "ዝም አይነቅዝም፤ አጋሩን እንዳታጪ" አለኝ። ሰማሁት። አሁን ግን አልሰማውም።

አክብሮቱ የለም አልልህም። አንተም እኔም አድገንበታል። ያን ቀን ዝም ያስባለን ግን እሱ አልነበረም።

ስለዚህ ጽሑፉን ከጉባኤው አውጡልኝ። ወይም እንደገና እንሥራው፤ ልጆቹም ከጠያቂዎቹ ወገን ይሁኑ። የእኔን ስም ግን ከአሁኑ አውጣው።

እህትህ

---

የካቲት 28

ለኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቶሎ ያልመለስኩት ተናድጄ ስለነበር ነው፤ በንዴት ከመጻፍ መቆየት ይሻላል ብዬ። ቆይቼም አልበረደልኝም።

ማጠቃለያው ተቀባይነት አግኝቷል። የእድገት ማመልከቻዬ ውስጥም ገብቷል። ባልደረባዬ ተማሪ ተቆጣ ተብሎ ጥናት እንደማይሰረዝ ነግራኛለች፤ እኔም እስማማለሁ። ጥናት በዝምድና አይሠራም። እዚህ ያለው የክፍለ ጊዜው የቪዲዮ ቅጂ ላይ የእናንተ ክፍል ተቀምጦ ይታያል እንጂ ምንም አይሰማም፤ እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው። ስምሽን አውጥቻለሁ።

አጋርነቱን በተመለከተ፣ የፈረምኩት እኔ እንደሆንኩና የሚታደሰውም በእኔ ፊርማ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማስፈራራቴ አይደለም፤ ሁለታችንም ብናስብበት ይሻላል ለማለት ነው።

ሌላው። ስለ ክፍሉ ገጽ ሙሉ ጻፍሽልኝ፤ ስለ እናቴ አንድ መስመር የለም። ባለፈው ጊዜ ስደውል ዝም ብዬ ቆየሁ፤ ምንም ቃል ሳልናገር። እሷ "ደህና ነኝ፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?" ብላ ትንሽ ጠበቀችና "ተመስገን፤ በሉ ደህና ሁኑ" ብላ ዘጋችው። ምንም ሳልመልስ። እዚያ ቤት ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊው።

---

መጋቢት 3

ወንድምጋሼ፣

ፈጣሪ ልብህን ያጽናልህ። ዛሬ ስለ ሥራው አልጽፍም።

አክስቴ አትሰማም። ከአባትህ ሞት በፊት ግራው ጆሮዋ ደክሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀኙ ተከተለ። አሁን ጮክ ብዬ ብናገር እንኳ የምትይዘው ፊቴን አይታ ነው። ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ። የጆሮ መሣሪያ ተሞከረ፤ ጩኸት ብቻ ነው የሚያመጣልኝ ብላ አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እንዳልነግርህ አስምላኛለች። "ከነገርሽው ጓዜን ጠቅልዬ ከቤትሽ እወጣለሁ" አለችኝ። የሥራዋን ነገር ታውቃለህ። እድሜዋን ሙሉ ስልክ ማዞሪያ ቤት የኖረች ሴት ናት። ሰው ገና "አሎ" ሲል ማን እንደሆነ የምታውቅ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ በድምፁ የምትለይ። ጡረታ ስትወጣ አለቃዋ ያደረገውን ንግግር እስከ ዛሬ በቃሏ ትለዋለች፤ "ጆሮሽ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው" ብሏታል። ጆሮዋ አልሰማም ሲላት ልትቀበለው አልቻለችም።

ስትደውል ስልኩ ሲበራ አይታ ታነሳዋለች። ምን እንዳልክ አታውቅም። ልጅ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለው ብላ ታስባለች፤ ለዚያ ነው "ተመስገን" የምትለው። አሞኛል ስትላትም ተመስገን ያለችህ በዚሁ ነው። "እናንተ" የምትልህ ደግሞ ሌላ ሰው ደውሎ ቢሆንስ ብላ ነው፤ ለማንም የሚሆን ቃል መርጣለች። የምትዘጋው አለመስማቷ እንዳይታወቅባት ነው። ከዘጋች በኋላ ስልኩን ቶሎ አታስቀምጠውም፤ በሁለት እጇ ይዛው ትቆያለች።

ቂም እንዳላት እንድጠይቅልህ ብለኸኝ ነበር። አልጠየቅኳትም። ወረቀት ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ብዕር አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እሱ በእናንተ መካከል ያለ ነገር ነው።

መሐላዬን አፍርሻለሁ። ልነግርህ እንደሆነ ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ ጓዟን ግን አልጠቀለለችም። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝና በማግስቱ "ምን አለ?" ስትል ጠየቀችኝ። ገና አልጻፍኩለትም አልኳት።

እህትህ

---

ሚያዝያ 6

ለውድ እህቴ ለጥያቄ፣

በመጀመሪያ እማዬን ያኖረልኝን እጅሽን ፈጣሪ ይባርክልኝ። ይህን ከሁሉ በፊት መጻፍ ነበረብኝ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ወደ ክፍል ስገባ ደረጃ ላይ ቆሜ ነው። ገባሁ፣ አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ ግን አላውቅም። እናቴ ቂም ይዛብኛለች ብዬ ለራሴ ነገርኩ፣ አመንኩት፣ በእሱም ተቀየምኳት፤ ይህ ሁሉ ሲሆን እሷ አንድም ቃሌን አልሰማችም። ይህ ከሆነ በኋላ ስለ ሌላውም እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ስለዚህ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ ጠየቅኩ።

የጋራ ኮርሱን የሚወስዱትን የእኛን ተማሪዎች ሰብስቤ ስለዚያ መጀመሪያ ቀን አነሳሁባቸው። ብዙዎቹ አያስታውሱም። ፊት ወንበር የሚቀመጥ አንድ ቀጭን ልጅ ግን "አንዷ እየተናገረች ነበር" አለኝ።

"እንዴት አወቅህ?"

"አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እጇንም አነሳች። ለመምህሯ ድምፅ የለም ብዬ ነገርኳት፤ ጊዜ የለንም፣ እንቀጥል አለች።"

"ታዲያ ለምን ዳግመኛ አልተናገርክም?"

"መምህር ናት" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ልጁን ሌላ አልጠየቅኩትም። ጉባኤው ጽሑፉን እንዲሰርዝልን ጻፍኩ። ባልደረባዬ ሰንበትበት ብላ እስክትበርድ ድረስ ሰላምታም ነፈገችኝ፤ እሷም የሰው ልጅ ናት፣ ለፍታበታለች። እድገቴ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ከዚህ ጋር ይያያዝ አይያያዝ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ነገር ሳልጠይቅ ልለፍ።

አሁን ለሥራው። ኮርሱ እንደነበረ እንዲቀጥል አልፈልግም። ልጆቹ ከሁለቱም ወገን በትንሽ በትንሹ ይቧደኑ። መጀመሪያ ይጻጻፉ፤ ንግግሩ ኋላ ይምጣ። እኛ ስለ እናንተ እንደምንጠይቅ እናንተም ስለ እኛ ጠይቁ። ነጥቡን ሁለት መምህራን አብረው ይስጡ። ከሚነበበው ግማሹን አንቺ ምረጪ፤ ዓለም አቀፍ የሚባለው እስካሁን የእኛን መጻሕፍት እናንተ ማንበባችሁ ብቻ ነበር፤ የእናንተ ጋዜጣና ክርክር እኛ ዘንድ መጥቶ አያውቅም። ባልደረባዬም በዚህ ተስማምታለች። ትንሽ አጉረምርማ፤ ግን ተስማምታለች።

ከዚህ ሌላ የታሸገ ፖስታ በፖስታ ቤት ልኬልሻለሁ። ለእማዬ ነው። አንቺ አትክፈቺው።

ወንድምሽ

---

ግንቦት 10

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ጤና ይስጥህ፤ ያሰብከው ይሙላልህ።

ሴኔቱ ተሰብስቦ ክፍላችን አይታጠፍም ተብሏል። ደስ ይበልህ። እኔን ግን ስብሰባው ገርሞኛል። ስለ ዝምታው፣ ስለ ጽሑፉ፣ ስለ ሁሉም ነገር ለመመለስ ተዘጋጅቼ ገባሁ። ሰብሳቢው "የመግባቢያ ሰነድ አለ?" አለ፤ አለ ተባለ። "የጋራ ኮርስ ተጀምሯል?" አለ፤ ተጀምሯል ተባለ። "ቀጣይ ጉዳይ" አለ። የያዝኩትን ወረቀት አጥፌ ወጣሁ። ኮርሱ መጥፎ ሆኖ ቢቀር እንኳ እንዲሁ እናልፍ ነበር ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ስሄድ ዲኑ መጥቶ ጨበጠኝ።

አዲሱ አካሄድ ተጀምሯል። ተማሪዎቻችን ለእናንተ የላኩትን የመጀመሪያ ጥያቄ አይተኸው ይሆናል። "ሰው ሳይጨርስ ለምን ትጀምራላችሁ?" የሚል ነው። እኔ ትንሽ ይለስልስ ብዬ ነበር፤ ሬዲዮ አይለሰልስም አለች። የመጣው መልስ ነው ክፍሉን ያስገረመው። ያ ፊት ወንበር የሚቀመጠው ልጅ "ዝም ካልን ያልተዘጋጀን ይመስላቸዋል ብለን እንፈራለን" ብሎ ጻፈ። ሬዲዮ አነበበችና ለጎረቤቷ "እነሱም ለካ ይፈራሉ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቡድን ስለ ፍርሃትና ስለ መናገር አንድ ጽሑፍ ጀምረዋል፤ ስማቸው እኩል ይወጣል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሳምንት ሲጨቃጨቁ ስለማይ፣ ከመጀመሪያው ወራት ይልቅ አሁን እየተማሩ ይመስለኛል።

መምህር ፎቶ ኮፒ የሚነበበውን እንዲመርጥ ድርሻ ሰጥቼዋለሁ። ዓለም አቀፍ ማለት ሥራ መጨመር መሆኑን ማን በነገረኝ እያለ ያማርራል። ግን እየመረጠ ነው።

ፖስታው ደርሷል። ለአክስቴ ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። በሦስተኛው ቀን ወረቀትና ብዕር ጠየቀችኝ። "ምን ልትጽፊ ነው?" ብዬ በእጄ ጠየቅኳት። "አንቺን አይመለከትሽም" አለችኝ፤ እንደ ድሮዋ ጮክ ብላ። አሁንም እየጻፈች ነው፤ ጽፋ ትቀዳድደዋለች፣ ቀዳድዳ ትጽፋለች።

እህትህ

---

ግንቦት 24

ይድረስ ለልጄ፣

ከአገር አገር ጠብቆ ያኖረህ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ እግሬም ዓይኔም ደህና ነው። ጆሮዬን ነግራሃለች። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔው እስከዚህ ድረስ ባዳ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ጽሕፈትህ አልተለወጠም፤ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ስለ ሥራህ የጻፍከው ሁሉ ባይገባኝም ልጆቹን መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። በስልክ ስለ ሸነገልኩህ አትቀየመኝ። ማፈር የልጅ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌም ያፍራል። ድምፅህን መስማት እንደቀረብኝ ከምትሰማ ቶሎ ብዘጋብህ ይሻላል ብዬ ነው። በእኔ ቤት አንተን ከሐሳብ ማዳኔ ነበር።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ ልምጣ። "ለአባዬ ቀብር ባለመምጣቴ ተቀይመሽኝ ነበር?" ብለሃል። እህትህ ስለ ጆሮዬ ስትነግርህ ቂሙ ያንተ ግምት ብቻ እንደነበረ ወስደህ ይሆናል። ስለዚህ እውነቱን ልጻፍልህ። አዎ፤ ተቀይሜህ ነበር። ጆሮዬ ሌላ፣ ቅያሜዬ ሌላ። ፈቃድህ እየታደሰ መሆኑን ነግረኸኝ ነበር፤ ያኔ ቀኙ ጆሮዬ ይሰማ ስለነበር ሰምቼሃለሁ፤ ገብቶኛልም። ቢገባኝም ተቀየምኩ። ሰው ሁሉ ሲሸኘው አንድ ልጁ የለም ብዬ ነበር። ለእህትህ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ስትደውል በአጭሩ የመለስኩልህ መጀመሪያ ላይ በቅያሜ ነበር፤ አለመስማቱ የመጣው ኋላ ነው።

ከዚያ ቅያሜው ለቀቀኝ። መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም። አንድ ቀን ፎቶህን ስወለውል ሳልቆጣ እንዳየሁህ ታወቀኝ፤ በዚያው ቀረ። ልነግርህ ፈለግኩ። ስልኩ ሲበራ እያነሳሁ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ እል ነበር። ግን ብነግርህ የምትመልስልኝን አልሰማም። እንዲህ ያለውን ነገር ተናግሬ መልሱን ሳልሰማ ስልክ መዝጋት አልቻልኩም።

አሁን ግን ነገርኩህ። መልስህን ማንበብ እችላለሁ።

እናትህ